ለፎገራ ሜዳ ጥበቃ የሚስማማው የጦር ሜዳ መነጽር

አገር የሚያስተዳድር ሹም ትእዛዙን የሚመሠርተው ከየስፍራው በሚደርሰው ወሬ ላይ ነው። ወሬውም የሚታመነው ያየ ሰው ሲያመጣው ነው። ያላየ ሰው የሚያመጣው ወሬ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ከእውነቱ ያነሰ ወይ ከእውነቱ የበዛ ስለሚሆን፣ በእርሱ ላይ የቆመ ትእዛዝ ወይ ይዘገያል ወይ ያለ ቦታው ይውላል። በፎገራ ሜዳ ደግሞ አይቶ መናገር ከደጋው አገር ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ሜዳው ሰፊ፣ ምድሩ ረባዳ፣ ክረምቱ ጎርፍ የበዛበት ሲሆን፣ ለእርሻው ጉዳት የሚያመጣው ነገር ሁሉ የሚበረታው ብርሃን ሲደክም ነው። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ዙሪያ ላሉት ወረዳዎች የጦር ሜዳ መነጽር እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ማረሻና እንደ ዶማ የሥራ ዕቃ ሆኖ መቆጠር ይገባዋል። ነገር ግን የሚገዛው መነጽር በቀትር በሱቅ ደጃፍ አምሮ የሚያሳይ ሳይሆን በምሽትና በዝናብ የሚያገለግል መሆን አለበት። ይህን ሳይለዩ መግዛት ገንዘብን ወደ ውኃ መጣል ነው።

የነገሩ መነሻ የአገሩ ጠባይ ስለሆነ አስቀድሞ እርሱን ማስተዋል ያስፈልጋል። የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ ነው። የወረታ ከተማም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር ከሚወጣው መንገድ ጋራ በሚገናኝበት ስፍራ ላይ ትገኛለች። ከደብረ ታቦር በኩል ካለው ደጋ የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። በክረምት ወንዞቹ ሲሞሉና የሐይቁም ውኃ ከፍ ሲል፣ ወደ ሐይቁ ሊገባ የመጣው ውኃ መውጫ አጥቶ በሜዳው ላይ ይተኛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ እንዳፈናቀለ የሚታወስ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሹሙ የሚያስፈልገው ነገር ውኃው በዚህ ሰዓት የት ደርሷል፣ ከትናንት ይልቅ ጨምሯል ወይስ ጎድሏል የሚለውን ጥያቄ በእርግጥ የሚመልስ ሰው ነው። ውኃው ጎደለ ተብሎ በግምት በተነገረ ወሬ ወደ ቤቱ የተመለሰ ቤተ ሰብ ሌሊት ጎርፍ ቢመጣበት፣ ጥፋቱ የጎርፉ ብቻ ሳይሆን የወሬውም ነው።

ሁለተኛው ነገር እህሉ ነው። ቀድሞ ሜዳው በፎገራ ላም ግጦሽነት የታወቀ ነበረ። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ግን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች እርዳታ የገባው ሩዝ ተስፋፍቶ፣ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዘር በገበሬው ዘንድ የታወቀ ሆነ፤ በወረታም የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ። ሩዙ ከጥቅምት ወዲህ ፍሬ ሲይዝና ሲበስል ወፍ ይመጣበታል። ገበሬውም እንደ አባቶቹ ሥርዓት ማማ ሠርቶ በወንጭፍና በጩኸት ይከላከላል። ከሐይቁ ዳር ባለው ማሳ ደግሞ ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ የሚግጥበት ጊዜ አለ። ይህ አውሬ ሰውን የሚገድል ስለሆነ፣ መኖሩንና አለመኖሩን ቀርቦ መመርመር አይቻልም። ከመኸር በኋላም በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል፤ በመስኖ ሽንኩርት ይተከላል፤ ከብቱም በሜዳው ተሰማርቶ ይውላል።

ሦስተኛው ነገር የሜዳው ወፎች ናቸው። ወላላና ሸሸር በሚባሉት ረግረጎችና በሐይቁ ዳርቻ ከሰሜን አገር በበጋ የሚመጣው ሽመላ በብዙ ሺህ ሆኖ ያርፋል። ራሱ ላይ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁር ሽመላም በዚያው ይኖራል። የጣና ሐይቅና አካባቢው በ2007 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከዓለም የሕይወት ቅርሶች ጋራ በጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው ስለዚህ ዓይነቱ ሀብት ጭምር ነው። ሽመላ ቀኑን በታጨደ ማሳ ላይ የወደቀውን እህል ሲለቅም ውሎ፣ ሲመሽ ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ገብቶ ቆሞ ያድራል። ስለዚህ የሚቈጥረው ሰው የሚያገኘው ወደ ማደሪያው በሚገባበት ምሽትና ከማደሪያው በሚነሣበት ንጋት ነው።

አሁን ከባዱን ጉዳይ ማየት ይገባል። በአገሪቱ ቆላ ክፍል የማሽላና የስንዴ ጠላት የሆነው ግሪሳ ወፍ በሚነሣበት ጊዜ፣ መርዝ በአውሮፕላን የሚረጭበት ወፉ ወደ ማደሪያው በሚገባበት ምሽት መሆኑ የታወቀ ነው። ከአንድ ወረዳ በምሽት በሸምበቆ ላይ ያረፈ ታላቅ መንጋ ታየና ግሪሳ ነው ተብሎ በግምት ተጽፎ ቢላክ፣ መንጋው ግን እህል የማይነካ ሌላ ወፍ ቢሆን፣ መርዙ የሚወርደው በረግረጉ፣ በዓሣው፣ በከብቱ መጠጥና በሽመላው ላይ ይሆናል። በአንጻሩም መንጋው በእውነት ግሪሳ ሆኖ ሳለ የዘወትር ወፍ ነው ተብሎ ቢታለፍ የሚጠፋው የገበሬው የዓመት ልፋት ነው። የሁለቱም ስሕተት መነሻ በደካማ ብርሃን አጥርቶ ያለማየት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የአንድ መነጽር ዋጋ ከዚህ ጥፋት ጋራ ሲመዛዘን ከቶ የማይቈጠር ነው።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ የሚሠራው በምሽት፣ በንጋትና በዝናብ መሆኑ ከተረዳ፣ አመራረጡ ከዚህ ይነሣል። በገበያ ላይ መነጽር የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስንት እጥፍ ያቀርባል ብሎ ነው። ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ 20 እጥፍ፣ 30 እጥፍ የተጻፈበትን አውጥቶ ያሳየዋል። ይህ ጥያቄ የስሕተት ሁሉ መጀመሪያ ነው። በየመነጽሩ ላይ ሁለት ቍጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ፤ 7 በ50፣ 8 በ42፣ 10 በ42፣ 10 በ25 እንደሚባለው ነው። የፊተኛው ቍጥር ነገሩን ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ይናገራል፤ 8 የተባለው በ800 ሜትር ርቀት ያለውን በሬ በ100 ሜትር እንዳለ አድርጎ ያሳያል። የኋለኛው ቍጥር ወደሚታየው ነገር የዞረው መስተዋት ስፋቱ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይናገራል። ብርሃን የሚገባው በዚህ መስተዋት ነው። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን የሚገባው ብርሃን አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ 50 የተባለው 25 ከተባለው አራት ጊዜ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል።

የኋለኛው ቍጥር በፊተኛው ሲካፈል የሚገኘው ከመነጽሩ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። ይህም 7 በ50 ለሆነው 7 ሚሊሜትር፣ 8 በ42 ለሆነው 5 ሚሊሜትር፣ 10 በ42 ለሆነው 4 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፣ 10 በ25 ለሆነው ትንሽ መነጽር 2 ሚሊሜትር ተኩል፣ 30 በ60 ተብሎ ለሚሸጠውም 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በቀትር ጠብቦ ወደ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስለሚወርድ፣ በሱቅ ደጃፍ በፀሐይ የሚፈተን ሰው በትንሹና በትልቁ መነጽር መካከል ልዩነት አያይም። ሲመሽ ግን ብሌኑ ይሰፋል፤ በወጣት ዓይን እስከ 7 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ ከ50 ዓመት በላይ በሆነው ሰው ዓይን ብዙ ጊዜ ከ5 ሚሊሜትር ብዙም አያልፍም። በዚያን ጊዜ ክቡ ጠባብ የሆነው መነጽር ዓይኑን ሳይሞላው ስለሚቀር ምስሉ ይጨልማል፤ በሬው ከሣሩ፣ ወፉ ከሸምበቆው አይለይም። መነጽር ያለውን ብርሃን ሰብስቦ ያስገባል እንጂ ብርሃንን አይፈጥርም፤ የሚሰበስብበት መስተዋት ጠባብ የሆነ እንደሆነ ማቅረቡ ምንም አይረባም። በዚያ ሜዳ ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ ከዚያ በኋላ ለማየት የሚበቃው ብርሃን የሚቈየው ለግማሽ ሰዓት እንኳ አይደለም፤ ጠባቂው ሥራውን የሚፈጽመው በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ ነው።

ከብርሃኑ ሌላ የእጅ መንቀጥቀጥ አለ። መነጽር ነገሩን ሲያጎላ የእጅንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል። ከ10 እጥፍ በላይ የሆነውን ያለ መደገፊያ በእጅ ይዞ አጥርቶ ማየት ለብዙ ሰው አይቻልም። በማማ ላይ ነፋስ ሲነሣ፣ በታንኳም ላይ ማዕበል ሲያናውጥ ችግሩ ይብሳል። ማቅረቡ ከፍ ሲል በአንድ ጊዜ የሚታየው የሜዳ ስፋትም ስለሚጠብብ፣ የሚበር መንጋ ተከትሎ ማየት ያስቸግራል። መርከበኞች 7 በ50 የሆነውን የመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለፎገራ ሥራ ሁለት ዓይነት ይበቃል። በታንኳ ለሚሄድና ሌሊቱን ለሚጠብቅ ሰው 7 በ50፤ በእግሩ ረጅም መንገድ ለሚዞር የእርሻ ሠራተኛ ደግሞ 8 በ42 ይስማማዋል። የመጀመሪያው ክብደቱ አንድ ኪሎ ያህል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከዚያ ቀለል ይላልና ቀኑን ሙሉ በአንገት ቢንጠለጠል አይከብድም። 10 በ42 የሆነውን የሚፈልግ ወረዳ ቢኖር፣ መቆሚያ እግር አብሮ ገዝቶ በአንድ ስፍራ ተክሎ ለሚያይ ሰው ይስጠው። አንዱን ዕቃ ከ10 እስከ 30 እጥፍ እያጠፈ የሚያቀርበው ዓይነት ግን ለዚህ ሥራ መገዛት የለበትም፤ ብዙ ተንቀሳቃሽ ክፍል ስላለው ውኃና አቧራ ይገባዋል፤ ከፍ ባለው ማቅረብም ምስሉ ደብዛዛ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የውኃ ነገር ነው። በክረምት የወረታ ሜዳ ዝናብ፣ ጭቃና ጉም የሚፈራረቁበት ስለሆነ፣ ያልተደፈነ መነጽር በአንድ ክረምት ይበላሻል። ወደ ውስጥ የገባው እርጥበት በቀዝቃዛ ንጋት በመስተዋቱ ላይ እንደ ላብ ይቀመጣል፤ ከሰነበተም ሻጋታ ይበቅልበታል። ሻጋታው መስተዋቱን ስለሚበላው ከተጠረገ በኋላም ጠባሳው ይቀራል። ይህን ለመከላከል ጥሩ መነጽር የሚሠሩ ፋብሪካዎች መጋጠሚያውን ሁሉ በላስቲክ ቀለበት ደፍነው፣ በውስጡ ያለውን አየር አውጥተው ደረቅ ናይትሮጅን ይሞሉታል። ስለዚህ ገዢው ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ውኃ ከቶ የማያስገባ መሆኑንና በናይትሮጅን የተሞላ መሆኑን። ውኃ ይቋቋማል የሚለው ቃል ጥቂት ካፊያ ይችላል ማለት ብቻ ስለሆነ አይበቃም። በዓለም በታወቀው መለኪያ አይ.ፒ.ኤክስ. 7 የተባለው ዕቃ በአንድ ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቀመጥ ጉዳት የማይደርስበት ነው። ከዚህ ያነሰው ለፎገራ አይሆንም። በውጭው መስተዋት ላይ የሚያርፈው ጉም ግን በማንኛውም መነጽር ላይ የሚሆን ነገር ስለሆነ፣ ዕቃው ተበላሸ ተብሎ አይፈረድበት።

ጥንካሬውም እንዲሁ ይመርመር። ገላው በወፍራም ላስቲክ የተሸፈነ፣ ማንገቻው ሰፊ፣ የማንገቻውም ጆሮ በብረት የጠና ይሁን። ዓይን ማስተካከያ መንኰራኵር በመካከል ያለበትና ለየዓይኑ ለብቻ የሚስተካከል የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉ። ለየዓይኑ የሚስተካከለው አንድ ጊዜ ለባለቤቱ ዓይን ከተስተካከለ በኋላ ከጥቂት አሥር ሜትሮች ወዲያ ያለውን ሁሉ ሳይነካ አጥርቶ ስለሚያሳይና ተንቀሳቃሽ ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ፣ በጨለማና በዝናብ አንድ ሰው ብቻ ለሚይዘው መነጽር ይመረጣል። ብዙ ሰዎች እየተቀባበሉ ለሚያዩበት ደግሞ የመካከሉ መንኰራኵር ይሻላል። የዓይን መነጽር የሚያደርግ ጠባቂ ካለ፣ ከኋለኛው መስተዋት 15 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ርቆ ሙሉውን ምስል ማየት የሚቻልበት ዓይነት ይፈለግለት፤ አለዚያ የሚያየው የሜዳውን መካከል ብቻ ይሆናል።

ስለ መስተዋቱም ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በመነጽር ውስጥ ምስሉን አቅንቶ የሚመልሰው ፕሪዝም የሚባለው ባለ ብዙ ገጽ መስተዋት ነው። ኢጣልያዊው ኢኛሲዮ ፖሮ ይህን ዘዴ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1854 ዓ.ም. በስሙ አስመዘገበ፤ በ1894 ዓ.ም. የጀርመን አገሩ የዘይስ ፋብሪካ በዚህ ዘዴ የተሠራውን መነጽር ለገበያ አቀረበ። ሁለት ቱቦዎቹ በመካከል ሰበር ያላቸው የፖሮ ዓይነት ናቸው፤ ቀጥ ያሉት ደግሞ ጣሪያ በሚመስል ፕሪዝም የተሠሩ ናቸው። በአንድ ዋጋ ሲመዛዘኑ የፖሮው ብዙ ጊዜ የተሻለ ምስል ይሰጣል፤ ቀጥ ያለው ደግሞ ለመያዝና ለመድፈን ይመቻል። ፕሪዝሙ ባክ 4 ከሚባለው መስተዋት የተሠራ ከሆነ ይመረጣል። ብርሃን ደግሞ በእያንዳንዱ የመስተዋት ገጽ ላይ ሲያልፍ ከ100 እጅ 4 እጅ ያህሉ ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ አሥር ገጽ ባለበት መነጽር ሲሶው ብርሃን ይጠፋል። በ1935 ዓ.ም. በዚያው ፋብሪካ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ በመስተዋቱ ላይ ስስ ሽፋን ቀብቶ ይህን ጥፋት የሚቀንስበትን ዘዴ አገኘ። ስለዚህ ሁሉም ገጽ በብዙ ድርብ የተቀባ ነው የሚል ጽሑፍ ያለበት ይመረጥ፤ ከፊቱ ሲታይ እንደ ቀይ መስተዋት የሚያብረቀርቀው ግን ለዓይን ቢያምርም ብርሃን የሚመልስ ስለሆነ ለምሽት አይሆንም።

ገዢው በሱቅ ውስጥ ራሱ ሊፈትን የሚችለው ብዙ ነው። አንደኛ፤ መነጽሩን በክንዱ ርቀት ይዞ ወደ ብርሃን አዙሮ የኋለኛውን መስተዋት ሲመለከት የብርሃን ክብ ይታየዋል፤ ክቡ ሙሉና ጥርት ያለ ቢሆን መልካም፣ ጠርዙ ተቈርጦ ወይም ግራጫ ጥላ ይዞ ቢታይ ፕሪዝሙ ርካሽ ነው። ክቡ በሁለቱም ዓይን እኩል ይሁን። ሁለተኛ፤ ሩቅ ያለ ምሰሶ በሁለት ዓይኑ ይመልከት፤ ምሰሶው ሁለት ሆኖ ቢታየው ወይም ጥቂት ቈይቶ ዓይኑን ቢጎትተው፣ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ አቅጣጫ ይዘው አልተተከሉም ማለት ነውና ይተወው። ሦስተኛ፤ ማስተካከያው ሳይላላና ሳይጠነክር እኩል ይዙር። አራተኛ፤ ነጋዴው የተስማማ እንደሆነ ዕቃውን በባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ አውጥቶ ይመልከት፤ ነጋዴው ውኃ አያስገባም ብሎ እየማለ ነገር ግን በውኃ መፈተኑን እንቢ ቢል፣ እንቢታው ራሱ መልስ ነው። አምስተኛውና ዋናው ግን ፈተናው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አስቀድሞ በሜዳ ዳር እንዲደረግ ነው። ሁለት ሦስት መነጽር ይዞ ጥቁር በሬ በጥቁር አፈር ላይ ቆሞ ሲታይ ቀንዱን እስከ መጨረሻ የሚያሳየው የትኛው እንደሆነ የሚመለከት ሰው፣ ማንም ሳያስተምረው የትኛውን እንደሚገዛ ያውቃል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንዱ፣ ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው እጅ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ አለና መነጽር ለምን ያስፈልጋል የሚለው ነው። ስልክ በቀትር ቅርቡን በደንብ ያነሣል፤ የስልክ መስተዋት ግን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በምሽት ሩቁን ሲያጎላ የሚያሳየው ዝንጉርጉር ጥላ ነው። ስልኩ የሚጠቅመው ጠባቂው በመነጽር አይቶ ያረጋገጠውን ወዲያው ለወረዳው ለማስታወቅ ነው፤ ሁለቱ ይረዳዳሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሌላው ተቃውሞ፣ በጨለማ የሚያሳየው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይገዛ የሚለው ነው። እርሱ ዋጋው ውድ፣ በባትሪ የሚኖር፣ ሲሰበር በቅርብ የሚጠግነው የማይገኝለት ሲሆን፣ ለጦር ሥራ የሚውል ስለሆነም ብዙ ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። ሦስተኛው፣ የእረኛ ዓይን ይበቃል የሚለው ነው። የእረኛ ዓይን መልካም መሆኑን የሚክድ የለም፤ መነጽሩም የሚሰጠው ለዚያ ዓይን ነው፤ የአገሩን ሣርና ወፍ የሚያውቅ ዓይን መነጽር ቢያገኝ ከከተማ ከመጣ ባለሙያ ይልቅ ያያልና።

ለጎርፍ ጥበቃ የሚሆነውን አሠራር ለምሳሌ ማሳየት ይቻላል። በርብና በጉማራ ዳር ሕዝቡ በሚኖርበት ስፍራ አንጻር ጠንካራ ግንድ ይተከል፤ በግንዱም ላይ በነጭና በጥቁር ቀለም መስመር ተሠምሮ 10 ሳንቲሜትር ቁመት ያላቸው ቍጥሮች ይጻፉበት። እንዲህ ያለውን ቍጥር በ300 ሜትር ርቀት ባዶ ዓይን አያነበውም፤ 8 እጥፍ የሚያቀርብ መነጽር ግን ያነበዋል። ጠባቂውም ወደ ደራሹ ውኃ ሳይቀርብ ከከፍታ ስፍራ ሆኖ ማታና ጧት ቍጥሩን እያነበበ ይመዘግባል። በዚህ ጊዜ ለወረዳው የሚደርሰው ቃል ውኃው በዝቷል የሚል ሳይሆን ከማታ ይልቅ ይህን ያህል ሳንቲሜትር ጨምሯል የሚል ይሆናል። የሚያስፈልገው ቀለም፣ ግንድ፣ ደብተርና አንድ የማይበላሽ መነጽር ነው። እንደዚሁም በ2004 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ መታየቱ የታወቀው እምቦጭ በነፋስ እየተገፋ ወደ የትኛው ዳርቻ እንደሚሄድ ከታንኳና ከከፍታ ሆኖ ለመከታተል ያው መነጽር ያገለግላል።

የመነጽሩ አመራረጥ የቱን ያህል ቢያምር፣ አያያዙ ካልተስተካከለ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የወጣበት ዕቃ ብዙ ጊዜ በጽሕፈት ቤት ሣጥን ተቈልፎ ይቀራል፤ ወይም እንግዳ ሲመጣ በሹሙ አንገት ላይ ይታያል። ይህ ዓይነት አያያዝ ዕቃውን ካለመግዛት አይሻልም። አንድ ውድና የከበረ መነጽር ገዝቶ ከመቈለፍ ይልቅ፣ በዚያው ገንዘብ ሁለት መካከለኛ ነገር ግን የተደፈኑ መነጽሮችን ገዝቶ አንዱን ለወንዙ ጠባቂ፣ አንዱን ለሩዙ ቀበሌ የእርሻ ሠራተኛ መስጠት ለአገር የሚበጅ ነው። ባለ ሰፊ እርሻዎችም በየግላቸው ለመግዛት የማይችሉትን በማኅበር ሆነው ሊገዙት ይችላሉ።

ዕቃው ስሙም የጦር ሜዳ መነጽር ነውና ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ጸጥታ በጎደለበት ጊዜ አንድ ገበሬ እንዲህ ያለውን ዕቃ በአንገቱ አንጠልጥሎ ቢገኝ በአጉል ጥርጣሬ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ወረዳው የዕቃውን ቍጥር፣ የያዡን ስምና የሚሠራበትን ቀበሌ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሳይሰጠው ጠባቂውን ወደ ሜዳ አያሰማራው፤ ለአካባቢው የጸጥታ ሰዎችም አስቀድሞ ያስታውቅለት። ከውጭ አገር የሚያስመጣም እንደሆነ ከመግዛቱ በፊት ስለ ፈቃዱ ከጉምሩክ ጽሕፈት ቤት ይረዳ። የጠባቂው ሕይወት ከሩዙም ከመነጽሩም ይበልጣል።

አያያዙን በሚመለከት ጠባቂው ጥቂት ሕግ ይማር። ወደ ፀሐይ በመነጽር ማየት ዓይንን ያጠፋልና ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ጭቃ የነካው መስተዋት በደረቁ አይጠረግ፤ አስቀድሞ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ወይም አቧራው በእፍታ ተነሥቶ በለስላሳ ጨርቅ ይታበስ፤ የነጠላ ጫፍና የሸሚዝ እጅጌ መስተዋትን ይፍቃሉ። እርጥብ መነጽር በከረጢቱ ውስጥ ተዘግቶ አይደር፤ ውጭ ተሰቅሎ ይድረቅ። ጎጆ ውስጥ ከምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፤ ጢሱና ሙቀቱ ላስቲኩን ያበላሹታል። መንደር ለመንደር በሞተር ብስክሌት ሲጓዝም በደረት ላይ ይያዝ እንጂ በኮርቻ ላይ አይታሰር።

የመጪው ክረምት ውኃ የሚጠበቀው በበጋ ነው፤ የመጪው መኸር ወፍም የሚጠበቀው ሩዙ ሳያሸት ነው። በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደራ ያሉ አስተዳዳሪዎች፣ ባለ መሬቶችና የወረዳ ሹማምንት ገንዘባቸውን ከመመደባቸው በፊት ይህን ያስተውሉ። ነጋዴው ስንት እጥፍ ያቀርባል ብሎ ሲያስጎመጅ፣ እነርሱ ሲመሽ ምን ያሳያል፣ ሲዘንብስ ምን ይሆናል ብለው ይጠይቁት። ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በውኃ ባልዲና በምሽት ሜዳ ላይ መልስ የሰጠ መነጽር ለብዙ ዘመን ያገለግላል። ከእርሱም ጋራ የሚያየውን የሚያውቅ ጠባቂ፣ ያየውን የሚጽፍበት ደብተርና የጻፈውን የሚያምነው ሹም ከተገኘ፣ የሜዳው ሕዝብ በጎርፍና በወፍ ጊዜ የሚደርስለት ትእዛዝ በሰዓቱ የሚደርስ ይሆናል።